ትርፍ ቀለህ

"አንድ ወታደር መንግሥትን ስንት እንደሚያስወጣው የሚያውቅ አለ?"

ሻምበል ረአፋት ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያለፈበት የተኩስ ቀን የለም። ሠላሳ ወታደር ከሱዌዝ መንገድ ገባ ባለው በረሃ አሸዋ ላይ ተሰልፏል፣ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፣ እሱ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከዳር ዳር ይመላለሳል። መልሱን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የሚመልስ ግን የለም፤ ሻምበሉ ራሱ መመለስ ነው ደስ የሚለው።

"ከተላጨህበት ቀን ጀምር። ምላጩ የመንግሥት! ሳሙናው የመንግሥት! ሁለት ብርድ ልብስ፣ ቆብ፣ ቀበቶ፣ ኮዳ፣ ጫማ። ጠዋት ፉል፣ ማታ ምስር፣ ሐሙስ ሐሙስ ዶሮ። መርፌ የወጋህ ሐኪም ደሞዝ አለው። ግራ ቀኝህን ያስተማረህ ሃምሳ አለቃ ደሞዝ አለው። እስኪ ደምረው! ባንተ ገንዘብ ሦስት የምትታለብ ጎሽ ይገዛል!"

"ጌታዬ!" አለ ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ።

ሻምበሉ ዞሮ ማየት እንኳን አላስፈለገውም። "ዘንሁም።"

"ጌታዬ፣ ሦስቱን ጎሽ ለእናቴ ይስጡልኝና እኔ ልሂድላችሁ። እነሱ ቢያንስ ይታለባሉ።"

ሰልፉ ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀው።

"ጫማውንም በግማሽ ያስቡልኝ ጌታዬ። ግማሹ ባዶ ነው።"

ይቺኛዋ ውሸት አልነበረችም። መንግሥት ለወታደር ጫማ ሲገዛ የሚያውቀው ሁለት ቁጥር ነው፤ ጠባብና ሰፊ። የዘንሁም እግር አርባ ሁለት ሲሆን ጫማው አርባ ስድስት ነው። ባዶውን ቦታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅጥቆት ነው የሚሄደው። ከሩቅ ሲታይ ሁለት ጀልባ በደረቅ መሬት የሚጎትት ይመስላል። የፋዩም ልጅ ነው፣ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ከትምህርት ቤት ያባረሩት፣ አፉ ግን የማያርፍ። ያልተማረ ሦስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ከሦስቱ የቀረችው አራት ወር ናት።

"ሳቅ ጨረሳችሁ?" አለ ሻምበሉ። "እንግዲህ የመጨረሻዋን ስሙኝ። ሦስት መቶ ጥይት ፈርሜ አውጥቻለሁ። ጥይቱን ተኩሱት፣ ይሂድ፣ ምሬዋለሁ። ባዶው ቀለህ ግን የኔ ነው። ሦስት መቶ ወስጄ ሦስት መቶ እመልሳለሁ። አንዲት ብትጎድል ከዚህ አሸዋ ማንም አይነቃነቅም። ገባችሁ?"

"ገብቶናል ጌታዬ!"

የግምጃ ቤቱ ሰውዬ እምነቱ እንዲህ ነው። ባዶዋ ቀለህ ካልተመለሰች ሙሉዋ ጥይት ተሰርቃለች። ጥይት ከተሰረቀች ደግሞ የተሸጠችለት ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወታደር ሲተኩስ ጓደኛው በቀኝ ጎኑ ተንበርክኮ የብረት ቆቡን ገልብጦ ይይዝለታል፤ ቀለሁ ከክላሹ እየተፈናጠረ ቆቡ ውስጥ ይገባል። አሥር ተኩስ፣ አሥር ቀለህ። ከዚያ ሃምሳ አለቃ መጋውሪ መጥቶ ይቆጥራል።

መጋውሪ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል። ቀበቶው ላይ የቁልፍ ዘለላ አለ፣ ከቁልፎቹ መሃል ደግሞ ቀዳዳ የተበሳላት፣ ተወልውላ የምታበራ አንዲት ቀለህ ተንጠልጥላለች። ሲራመድ ቂል ቂል ትላለች። ከየት አመጣሃት ብሎ የሚጠይቀው ወታደር እስካሁን አልተወለደም።

ዘንሁም የሚይዘው ለገርጊስ ነበር፤ የዕለቱ የመጨረሻ ተኳሽ እሱ ነው። ገርጊስ የሚንያ ልጅ ነው፣ ግድግዳ ለሳኝ፣ ዝምተኛ፤ ሰፈሩ ሁሉ "ባለእጁ" ነው የሚለው። እናቱ ከሚንያ የምትልከውን አይብና ቴምር ለብቻው በልቶ አያውቅም። የሠላሳውም ሰው ጉሮሮ ባለዕዳው ነው። የሙያ ትምህርት ስላለው የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ዛሬ ማለቁ ነው። ነገ ጠዋት ዕቃውን አስረክቦ የመሰናበቻ ወረቀቱን ይቀበላል፣ ቅዳሜ ኩዌት ይበራል። አንድ ልስን ሠሪ ኩባንያ ወስዶታል። የመሰናበቻ ወረቀት ከሌለ ግን ከአገር መውጣት የለም፤ ቅዳሜ ካልደረሰ ደግሞ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ይገባል። ለቪዛው አባቱ ያለቻቸውን አንዲት ጎሽ ሸጠዋል።

"አንተ የፋዩም ዶሮ" አለው ገርጊስ በሆዱ እየተኛ፣ ክላሹን ትከሻው ላይ እያደላደለ። "ዛሬ እባክህ አትጩህብኝ። ቆቡን ብቻ ያዝ።"

"የመጨረሻ ተኩስህ ነው ባለእጁ። ለክብርህ ትርዒት አሳይሃለሁ።"

"ትርዒት አልፈልግም።"

"ለኩዌቶች ትነግራቸዋለህ።"

መጀመሪያ ስድስቱን በደንብ ያዘ። ጧ! ሲል ቀለሁ ይፈናጠራል፣ ዘንሁም ቆቡን ያስጠጋለታል፣ ኪል ብሎ ይገባል። ከኋላ ተኩሰው የጨረሱት ልጆች እያዩት መሆኑን ሲያውቅ ግን ሰውነቱን በላው። ሰባተኛዋን ቆቡን በጀርባው አዙሮ ያዛት። ኪል! ከኋላ ፉጨት ተሰማ። ስምንተኛዋን በክንዱ ሥር። ኪል! ዘጠነኛዋን ቆቡን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ቀለሁንም ቆቡንም በአንድ ላይ ሊቀልብ ሞከረ። ቆቡን ቀለበ። አሥረኛዋን እንደ ሰው ያዛት።

"ጨረስኩ" አለ ገርጊስ።

ቂል ቂል። መጋውሪ መጣ፣ ቆቡን መዳፉ ላይ ገለበጠው፣ በጣቱ እየገፋ ቆጠረ።

"ዘጠኝ።"

"እንደገና ይቁጠሩት ጌታዬ" አለ ዘንሁም። "ምናልባት ተጣብቀው ይሆናል።"

"ዘጠኝ" አለ መጋውሪ። በዚህኛው ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። ያ ነው ያስፈራቸው፤ መጋውሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

ገርጊስ ከተኛበት ቀና አለ። ዘንሁምን አየው፣ ቆቡን አየው፣ አሸዋውን አየው።

ሻምበሉ መጣ። ሁሉም ቦታውን ሳይለቅ እንዲንበረከክ ታዘዘ። አጠገባቸው ያለው አሸዋ በእጅ ተፈተሸ፤ አልተገኘችም። የገርጊስ ኪስ፣ የዘንሁም ኪስ፣ የክላሹ አፈሙዝና ሆድ ተፈተሸ። የለችም።

"ጌታዬ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ" አለ ዘንሁም። "እየቀለድኩ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አሥሩን ጥይት የፈረመው ማነው?"

"እሱ ነው፣ ግን—"

"የያዘ የሚባል ሰው ወረቀት ላይ የለም። የፈረመ ነው ያለው።" ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። "ፀሐይ እስክትጠልቅ ትፈልጋላችሁ። ካልተገኘች ሪፖርት እጽፋለሁ። አሥራ አምስት ቀን እስር፣ ከዚያ ምርመራ። የመሰናበቻ ወረቀቱም ምርመራው እስኪያልቅ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል።"

"ጌታዬ፣ ቅዳሜ..." አለ ገርጊስ።

"አውቃለሁ ቅዳሜ ምን እንዳለብህ። ቆቡን የሚይዝልህን ሰው ስትመርጥ አንተም ማወቅ ነበረብህ።"

ከማዕድ ቤት የዱቄት ወንፊት መጣ። የትንኝ አጎበርም ተቆርጦ ወንፊት ሆነ። ሠላሳ ሰው ክርን ለክርን ተጋጥሞ በጉልበቱ እየዳኸ አሸዋ ያበጥር ጀመር። በረሃ ላይ አሸዋ ማበጠር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው። አንዱን እፍኝ ስታነሳ ዳሩ ይናድና የፈተሽከውን ካልፈተሽከው ይደባልቅብሃል። እስከ እኩለ ቀን ሁለት የሲጋራ ቁራጭ፣ አንድ ቁልፍ፣ የሞተ ጊንጥ ተገኘ። ቀለህ አልተገኘም።

ዘንሁም ከገርጊስ አጠገብ ነው የሚዳኸው።

"ባለእጁ፣ ይቅር በለኝ።"

"ፈልግ።"

"አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው?"

"ፈልግ አልኩህ።"

ሁለቱም ወንፊታቸውን ነቀነቁ።

"አባቴ ጎሿን የሸጣት ቀን" አለ ገርጊስ ዓይኑን ከወንፊቱ ሳያነሳ፣ "እናቴ በረቱን ጠራርጋ ዘጋችው። ልጄ ከኩዌት ሲመለስ ይገዛልናል ብላ መክፈቻውን አንገቷ ላይ አሰረችው። አሁንም ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።"

ዘንሁም አንድ እፍኝ አሸዋ ወንፊቱ ላይ ገለበጠ። የደረቀ አሸዋ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ቀጭ አለበት።

አሁን አንድ የማይነገር ነገር አለ። እዚያ ካምፕ ውስጥ የቆየ ወታደር ሁሉ አንዲት የተደበቀች ቀለህ አለችው። አንዱ ሳሙናውን ቦርቡሮ ይከታታል፣ አንዱ ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ይሰፋታል። ተሰናብቶ የሚሄድ ለሚቀረው ያወርሳል። እንዲህ ላለ ቀን ነው። የዘንሁም ከአንድ የመንሱራ ልጅ የወረሳት ናት፤ የሱሪው ወገብ ስፌት ውስጥ ናት፣ የበር ፈታሾች ኪስና ጫማ እንጂ ስፌት አያዩም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን እየወጋችው ነው።

ሊያወጣት ይችላል። ከተያዘ ግን የገርጊስ አሥራ አምስት ቀን አይደለም የሚጠብቀው፤ ትርፍ ቀለህ ይዞ የተገኘ ጥይት ሰርቆ የተኮሰ ነው፣ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። አራት ወሯ ስንት ዓመት እንደምትሆን እግዜር ይወቅ። ዘንሁም ይህን እያሰበ ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ወገቡ ላከ፣ ሁለት ጊዜ መለሰ።

ቂል ቂል። ከላዩ ጥላ አረፈ።

"ምንህን ነው የምታከው?" አለ መጋውሪ።

"ቅማል ናት ጌታዬ። እሷም የመንግሥት ናት፣ ልገድላት ፈርቼ ነው።"

"አንድ ቀን ይቺ አፍህ ትቀብርሃለች።"

"ዛሬስ ጓደኛዬን ነው የቀበረችው ጌታዬ።"

መጋውሪ አልተቆጣም። ገርጊስን አየው፣ ቆየና ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሮሮ ደረቀ። ውኃው በጀሪካን ሆኖ ጥይት የመጣበት ሣጥን አጠገብ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ላይ ደግሞ የሁሉም ቀለህ የተጠራቀመበት ትልቁ የብረት ቆብ አለ። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ሻምበሉ አንድ በአንድ እየሄዱ እንዲጠጡ ፈቀደ።

የዘንሁም ተራ ደረሰ። የወገቡን ስፌት ክር በጥፍሩ በጥሶታል። ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጀሪካኑን አዘነበለ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ቀና ሲል በቀኝ እጁ ሣጥኑን ደገፍ አደረገ። ኪል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለሱ ግን እንደ ደወል ነው የተሰማው። ዞር ብሎ አየ። ሻምበሉ ሲጋራ እያቀጣጠለ ነው። መጋውሪ ተራውን ሊጠጣ ከኋላው ቆሟል፣ ሰማዩን እያየ።

ሁሉም ጠጥቶ እስኪጨርስ ታገሠ። ከዚያ እንደገና ተንበረከከና ጮኸ።

"ጌታዬ! ትልቁ ቆብ ይቆጠር! ምናልባት ጠዋት ተሳስተን ይሆናል!"

"መጋውሪ አይሳሳትም" አለ ሻምበሉ።

"አይሳሳቱም ጌታዬ፣ ግን እሳቸውን ቁጥር ያስተማራቸው ሰው ተሳስቶ ይሆናል።"

ሻምበሉ ሲጋራውን አሸዋ ላይ ጣለው። ደክሞታል፣ እሱም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። "ቁጠር" አለው ለመጋውሪ።

ብርድ ልብስ ተነጠፈ። መጋውሪ አሥር አሥር እያደረገ ደረደረ። ሠላሳው ሰው በጉልበቱ እንደሆነ አንገቱን ሰገገ። ገርጊስ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሃያ ስምንት ክምር፣ ሃያ ዘጠኝ ክምር፣ ሠላሳኛው ሞላ። ዘንሁም ትንፋሹን ለቀቀ።

ብርድ ልብሱ ላይ ግን የቀረ ነገር አለ። መጋውሪ አየው። ሻምበሉም አየው። ሁለት ቀለህ።

"ሦስት መቶ ሁለት" አለ መጋውሪ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ።

ከዘንሁም ሌላ ሁለት ሰው ውኃ ሲጠጣ እጁን አስረዝሟል። አንዱ የገርጊስን አይብ የበላ፣ ሌላውም የበላ።

ሻምበሉ ቁጭ አለ፤ ሣጥኑ ላይ ሳይሆን አሸዋው ላይ። መኮንን አሸዋ ላይ ሲቀመጥ አይተው አያውቁም።

"አህያ ሁላ" አለ በቀስታ። "አህያ ሁላ። ሲጎድል አንድ ሰው ነበር የማስረው። ሲተርፍ እኮ ሁላችንንም ነው የሚያስሩን። እኔን ጨምሮ። መንግሥት ያልሰጠኝን ሁለት ጥይት ከየት አምጥቼ ነው የተኮስኩት? ምን ብዬ ነው የምመልሰው?"

ዘንሁም እጁን ሊያወጣ አሰበ። ገርጊስ ግን እጁን ያዘው። ከጠዋት ጀምሮ ሲነካው የመጀመሪያው ነው፤ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

ሻምበሉ ቀለሆቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያያል። አንዷ ላይ ቆመ። ወደ ፀሐዩ አነሳት። ብርሃን ከወዲያ ወዲህ አለፈባት።

"መጋውሪ።"

"አቤት ጌታዬ።"

"ይቺ ቀለህ ቀዳዳ አላት።"

"አዎ ጌታዬ።"

"ቀዳዳ ያለው ጥይት ተረክበን ነበር?"

"አይመስለኝም ጌታዬ።"

የሻምበሉ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ መጋውሪ ቀበቶ ወረደ። ቁልፎቹ ተንጠልጥለዋል። ቁልፎች ብቻ። ዘንሁምም ያኔ ነው የገባው፤ ውኃ ከተጠጣ ወዲህ መጋውሪ ሲራመድ ቂል ቂል አላለም። ሃያ ዓመት የሚጮህ ሃምሳ አለቃ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

ሻምበሉ ቀዳዳ ያላትን ቀለህ መዳፉ ውስጥ ጨበጣት። ከዚያ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ።

"ጦር! ተነስ! ወደኋላ ዙር!"

ሠላሳው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በረሃውን ማየት ጀመረ። ከኋላቸው የሚንቀሳቀስ ጫማ ተሰማ፣ የሚወናጨፍ እጅጌ ተሰማ። ሩቅ፣ ከዒላማው ወዲያ፣ አንድ ነገር ጠብ አለ። ሌላም ጠብ አለ።

"ወደፊት ዙር! መጋውሪ፣ ቁጠር።"

"ሦስት መቶ ጌታዬ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እንደ እናቴ ስም።"

"ከአሁን በኋላ" አለ ሻምበሉ፣ "አንድ ሰው ላይ አንዲት ቀለህ ብትገኝ፣ የሞተችም የቆሰለችም ብትሆን፣ ይሄ ቁጥር ውሸት ይሆናል። ውሸት ከሆነ የገርጊስ ወረቀት የለም፣ የኔም ማዕረግ የለም። በር ላይ ጦር ፖሊሶች ናቸው የሚፈትሹት፣ እኔ አይደለሁም። ያለው ካለ አሁን እዚሁ ይቅበር።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዘንሁም ስፌቱን ዳሰሰ፤ ባዶ ነው። ወደ ካምፑ የሚመልሳቸው ኦራል መኪና ላይ ወጡ።

መንገዱን ሁሉ ዘፈኑ። ገርጊስ ጭንቅላቱን ዘንሁም ትከሻ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ኦራሉ ካምፑ በር ላይ ቆመ፣ ጦር ፖሊሶቹ "ውረድ! ውረድ!" አሉ፣ ዘንሁም ከላይ ዘለለ።

ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱን አንድ ነገር ቆነጠጠው።

ጠጠር መስሎት ነበር። አንድ እርምጃ ሄደ። ጠጠር እንደዚህ ረዥም አይሆንም። ሁለተኛ እርምጃ ሄደ። ክብ ነው። ለስላሳ ነው። ጫማው ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ቁራጩ መሃል፣ ከጠዋት ጀምሮ ተኝታ የነበረችው፣ ቆቡን ወደ ላይ ሲወረውር የሰፊው ጫማ አፍ የቀለባት፣ ሠላሳ ሰው ቀኑን ሙሉ በረሃ ያበጠረላት ዘጠነኛዋ ቀለህ። ጨርቁ ግለቷን እንኳን አላሳየውም። በዝላዩ ነው የነቃችው።

"ጫማ አውልቅ! ኪስ አውጣ! በአንድ መስመር!"

ሁለት ጦር ፖሊሶች ከዳር ጀመሩ። ከሱ በፊት ስድስት ሰው አለ። ቀለሆቹ ያሉበት ቆብ ከፊት ሻምበሉ እጅ ላይ ነው፤ የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ደብተሩን ዘርግቶ እየጠበቀ ነው። ሦስት መቶ አንድ። ገርጊስ ከጎኑ ቆሞ ክሩን እየፈታ ይስቃል።

"ቅዳሜ በዚህ ሰዓት" አለው፣ "ደመና ላይ ሆኜ እሰድብሃለሁ።"

ዘንሁም ዓይኑን ከጫማው አላነሳም። ጎንበስ አለ። ክሩን ፈታ፣ ተረከዙን አወጣ፣ እጁን ጨርቁ ውስጥ ከተተ። አራት ሰው። አገኛት። ወዴት ይጣላት? መሬቱ ሲሚንቶ ነው፣ ትጮሃለች። ኪስ ይፈተሻል። ሦስት ሰው። አፍንጫው ሥር ያለውን ላብ የሚጠርግ መስሎ እጁን በአፉ ላይ አሳለፈ።

ጉንጩ ውስጥ ገባች። የባሩድና የእግር ጣዕም አላት። መንጋጋውና ጉንጩ መሃል አጋደማት፣ ከንፈሩን ገጠመ።

ጦር ፖሊሱ ደረሰ። ኪሱን ዳሰሰ፣ ጫማውን አራገፈ። የብርድ ልብስ ቁራጭ ወደቀ።

"ምንድነው ይሄ?"

ዘንሁም ትከሻውን ነቀነቀ።

"እየጠየቅኩህ ነው! ስምህ ማነው?"

ዝም።

መስመሩ ሁሉ ዞሮ አየው። ዘንሁም ሲጠየቅ ዝም አለ! ሳይጠየቅ የሚመልሰው ሰው! ገርጊስ እንኳን ሳቁን አቆመ። መጋውሪ አንገቱን አዞረ። ዝምታው ከጩኸት የባሰ አሳበቀበት።

"ደንቆሮ ነህ? አፍህን ክፈት!"

ሻምበሉ ቆቡን ለመጋውሪ ሰጥቶ መጣ። የወለቀውን ጫማ አየ። ጨርቁን አየ። የዘንሁምን ግራ ጉንጭ አየ፣ የጥርስ ሕመም እንደያዘው ሰው ትንሽ ወጣ ብላለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዘንሁም እንባው ቀርቦ ነበር። ሻምበሉ ፊቱ ነጣ፣ መልሶ ቀላ።

"ማን ተናገር አለህ?" ብሎ ጮኸ ሻምበሉ፣ በዘንሁም ላይ።

ጦር ፖሊሱ ግራ ገባው። "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ስሙን—"

"ቅጣት ላይ ነው! የዛሬው ቀን የጠፋው በዚህ ሰው አፍ ነው። እስከ ነገ ረፋድ አንዲት ቃል እንዳይወጣው፣ ከንፈሩ እንዳይላቀቅ አዝዣለሁ። የኔን ትዕዛዝ ነው የምትሽረው?"

"ኧረ አይደለም ጌታዬ።"

"ቢከፍታት ኖሮ እጨምርለት ነበር! ጫማህን አድርግ! ሂድ!"

ዘንሁም ጫማውን አደረገ። ሄደ። በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት ነው የሄደው፤ እዚያ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብሎ ተፋት። እታች ስትደርስ የሰማት እሱ ብቻ ነው። ሲወጣ ሻምበሉ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል።

"ትዕዛዜ ትዕዛዝ ነው" አለው ሳያየው። "እስከ ረፋድ።"

ማታውን ልጆቹ ሊያናግሩት ሞከሩ፣ ኮረኮሩት፣ እናቱን ሰደቡበት። ፍንክች የለም። ሌሊቱንም አፉን በአንሶላ አስሮ ተኛ።

ጠዋት ገርጊስ ዕቃውን አስረከበ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ኮዳ፣ አንድ ቆብ፣ ጫማ። መንግሥት ያለበሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ቆለለውና በአንድ ሸሚዝና በፕላስቲክ ጫማ ቀረ። ወረቀቱ ተፈርሞ ተሰጠው። እጥፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ያዘው። የሱዌዝ መንገድ ድረስ የምታደርሰው መኪና ሞተሯ ተነስቷል።

"አንተ የፋዩም ዶሮ" አለው። "አንዴ እንኳን ጩህልኝ። እንዲህ ሆኜ ልሂድ?"

ዘንሁም አፉን በእጁ ያዘ፣ በሌላኛው ወደ ሻምበሉ መስኮት ጠቆመ። ሻምበሉ መስኮቱ ላይ አለ። ሰዓቱን እያየ ነው።

በሆዱ የተሸከመው ቀልድ ግን ሊያፈነዳው ነው። በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ቀልድ አግኝቶ አያውቅም፤ "ባለእጁ፣ የት እንደነበረች ታውቃለህ?" ብሎ ቢጀምር ገርጊስ ኩዌት እስኪደርስ ይስቅ ነበር። ጫማውን እያየ እግሩን መሬት ላይ ረገጥ ረገጥ አደረገ። ገርጊስ አልገባውም።

"አንዷ የመጋውሪ ናት፣ ሌላዋን ማን እንደጨመራት አላውቅም" አለው ገርጊስ ጆሮው ላይ ተጠግቶ። "ሦስተኛዋን ግን አውቃለሁ። ወገብህን ስታክ ነበር።"

አቀፈው። የልስን ሠሪ እጅ ጠንካራ ነው፤ የዘንሁም ጎን ጮኸ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ። መኪናው በሩን አለፈ፣ አቧራው ተነሳ፣ ገርጊስ ወረቀቱን በመስኮት እያውለበለበ ከግንቡ ጀርባ ጠፋ።

ሻምበሉ ወጥቶ አጠገቡ ቆመ። ሁለቱም አቧራውን አዩ።

"ረፋድ ሆኗል" አለ ሻምበሉ። "መናገር ትችላለህ።"

ዘንሁም አፉን ከፈተ። መንጋጋው ቀጭ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቃል ሁሉ ተጋፍቶ መጣና በር ላይ ተጣበቀ።

"ጌታዬ" አለ በመጨረሻ፣ "ጫማ ቁጥር አርባ ሁለት ይፈቀድልኝ።"

ሻምበሉ ወደ ጫማው አየ። ሰፊውን የጫማ አፍ፣ ብቅ ያለውን ጨርቅ። ዘንሁም ከሻምበሉ ጉሮሮ አንድ ነገር ሊወጣ ሲታገል አየ፤ ሳቅ ይሁን ስድብ አልለየለትም።

"አርባ ሁለት የለም" አለ ሻምበሉ ዞር እያለ። "ጨርቅ ጨምርበት።"